ሶፍትዌሩ በነፃ፣ ሌሊቱ በእኔ

ጤና ይስጥልኝ፣

እርስዎም ለረጅም ጊዜ ሰርቨር ሲያስተዳድሩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ይረዱኛል ብዬ ነው የምጽፍልዎ።

መቶ ሃያ ያህል ሠራተኞች ባሉበት መሥሪያ ቤት ብቸኛዋ ሲስተም አድሚን ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት የላይሰንስ ማደሻው ወጪ ሲንር “ለምን ኮዱ ክፍት ወደሆነው፣ የላይሰንስ ክፍያ ወደሌለው ኦፕን ሶርስ አንሄድም?” ብዬ ሐሳብ ያቀረብኩት እኔው ነኝ። ሜይሉን፣ የፋይል ማከማቻውን፣ ቨርቹዋል ማሽኖቹን (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ብዙ ኮምፒውተር የሚሠሩትን)፣ ባክአፑን፣ ሁሉንም ተራ በተራ አዛወርኩ። አለቃዬ በስብሰባ ላይ በስሜ ጠርተው አመሰገኑኝ። እውነት ለመናገር ኮርቼ ነበር።

አሁን ግን ስልኬ ትራሴ ሥር ነው የሚያድረው። ባለፈው ወር ልጄ ትምህርት ቤቷ መድረክ ላይ ግጥም ስታነብ እኔ ውጭ መኪና ውስጥ ላፕቶፕ ከፍቼ ነበር። የሜይል ሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠው ሰርተፊኬት ጊዜው አልፎ የሠራተኛው ሁሉ ስልክ “ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም” ይላል። ገብቼ ሳየው አዲሱ ሰርተፊኬት ታድሶ ዲስኩ ላይ ተቀምጧል። ሜይል ሰርቨሩ ግን አዲሱን እንዲያነብ ሪሎድ ስላልተደረገ አሮጌውን ይዞ ቁጭ ብሏል። የአንድ መስመር ትእዛዝ ነበር። እሱን ጨርሼ ስገባ ልጄ አንብባ ወርዳለች።

ረዳት ይቀጠርልኝ ብዬ ስጠይቅ አለቃዬ “ሶፍትዌሩ ነፃ ነው ብለሽን አልነበር? ታዲያ ሰው ለምን ያስፈልጋል?” አሉኝ። ቀጥሎ ደግሞ አንድ ሻጭ ድርጅት መጥቶ “ሁሉንም እኛ እንረከባችኋለን” የሚል ፕሮፖዛል አስገባ። አለቃዬ ወደውታል። ግማሽ ልቤ እፎይ ይላል፣ ግማሹ ያፍራል። ያኔ ያቀረብኩት ሐሳብ ከሸፈ ማለት ነው? እነሱ ሲገቡስ እኔ ምን ልሆን ነው? ውሉ የሚፈረመው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ምን ይመክሩኛል?

እንቅልፍ ያጣችው

*

እህቴ፣

የአለቃሽ ጥያቄ ምን ያህል እንዳመመሽ ይገባኛል። አራት ዓመት ሙሉ የከፈልሽውን ምንም እንዳልተከፈለ ነው የቆጠረው። ሰውየው ግን ክፉ ሆነው የተናገሩት አይመስለኝም። ላይሰንስ ሲታደስ ኢንቮይስ ይመጣል። ፋይናንስ ያየዋል፣ አንድ ሰው ይፈርምበታል፣ በጀት ላይ ይሰፍራል። ያንቺ ሌሊት ኢንቮይስ የለውም። መኪና ውስጥ ያሳለፍሽው ሰዓት በየትኛውም ሰነድ ላይ አይገኝም። ስለዚህ ከእሳቸው ወንበር ሲታይ ሥራው በእርግጥም በነፃ የሚሠራ ይመስላል። ነገሩን የምንጀምረው ከዚህ ነው።

ሐሳብሽ አልከሸፈም። መሥሪያ ቤቱ አራት ዓመት ሠርቶበታል። የተዘለለው ነገር አንድ ነው፤ ውሳኔው ሲጸድቅ የላይሰንሱ ገንዘብ ተቆጠረ፣ የሰው ሰዓት አልተቆጠረም። እሱን መቁጠር ደግሞ ያንቺ ብቻ ሳይሆን ያጸደቁት ሰዎች ሁሉ ድርሻ ነበር። አሁን ሁለት ጥያቄዎች ተደባልቀውብሻል። አንደኛው “ሶፍትዌሩ ልክ ነው ወይ?” የሚለው ነው። ሁለተኛው “ሥራውን ለምን አንድ ሰው ብቻ ይሸከመዋል?” የሚል ነው። ሻጩ ለመጀመሪያው መልስ ይዞ መጥቷል። አንቺን እንቅልፍ የነሳሽ ግን ሁለተኛው ይመስለኛል።

እስቲ ያንን ሰርተፊኬት እንየው። ጥፋቱ የነፃ ሶፍትዌር ነበር? እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 የማይክሮሶፍት ቲምስ ራሱ ለሰዓታት የተቋረጠው አንድ ሰርተፊኬት ሳይታደስ ጊዜው ስላለፈበት ነው። ያ ሁሉ ገንዘብና መሐንዲስ ያለው ድርጅት ነው እንግዲህ። ያንቺ ሰርቨር ላይ የጎደለው ከእድሳቱ በኋላ ሜይሉን ሪሎድ የሚያደርግ አንድ መስመር ነው። ሰርተፊኬት በራሱ የሚያድሰውን ሰርትቦትን የምትጠቀሚ ከሆነ ዲፕሎይ ሁክ የሚሉት ለዚሁ የተሠራ ነው። ሌላው ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው። ዲስኩ ላይ ያለውን ፋይል ብቻ እንዳያይ አድርጊው፤ እንደ ተጠቃሚ ከውጭ ገብቶ ሰርቨሩ በተግባር የሚያሳየውን ሰርተፊኬት አይቶ፣ ሊያልፍበት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይንገርሽ። ይህን በዚህ ሳምንት ጨርሺው። ያም ሆኖ ከሁሉ በላይ የጎደለው ሁለተኛ ሰው ነው። ያን ቀን ያንን ትእዛዝ መጻፍ የሚችል ሌላ ሰው ቢኖር አንቺ አዳራሹ ውስጥ ነበርሽ።

ነፃ ሶፍትዌር ወጪ የለውም እያልኩሽ ግን አይደለም። አለው፣ ከባድም ነው። ሴንትኦኤስ 8 የተባለውን ነፃ የሊነክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የጫኑ አድሚኖች እስከ 2029 አፕዴት እናገኛለን ብለው ነበር። ከጀርባው ያለው ድርጅት ሬድ ሃት ግን በዲሴምበር 2020 ድጋፉ በ2021 መጨረሻ እንደሚያበቃ አስታወቀ። ከሰባት ዓመት በላይ በአንድ ማስታወቂያ ተቆረጠ። አልማሊነክስና ሮኪ ሊነክስ ቦታውን ለመሸፈን መጡ፣ ሁለቱም በነፃ የሚወርዱ ናቸው። ሰርቨሮቹን አንድ በአንድ ያዛወረው፣ ሌሊት ተነስቶ የሞከረው፣ ያልሠራውን የመለሰው ግን አድሚኑ ነው። ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝም ብትወስጂ እያንዳንዱ ዋና ቨርዥን አምስት ዓመት ብቻ ነው ድጋፍ የሚያገኘው። ከዚያ አፕግሬድ ታደርጊያለሽ። አፕግሬዱ በራሱ አይሆንም፤ መሞከሪያ ማሽን፣ ባክአፕ፣ ሥራ የማይታጎልበት ሰዓት ይፈልጋል። ለዚህ ሁሉ ኢንቮይስ የሚልክ የለም።

አንድ ሌላ ነገር ላንሳ፣ ምክንያቱም ካንቺ ሁኔታ ጋር በጣም ይቀራረባል። ኤክስዜድ የምትባለዋን የፋይል ማመቂያ ታውቂያታለሽ፤ በአብዛኛው የሊነክስ ሰርቨር ላይ አለች። ለዓመታት የተንከባከባት በዋናነት አንድ ሰው ነበር፣ ያለ ክፍያ። መድከሙንና ጤናው መጎዳቱን በግልጽ ጽፎ ነበር። “ላግዝህ” ብሎ የተጠጋ ሰው ቀስ በቀስ አመኔታ አገኘና በ2024 መጀመሪያ የጀርባ በር፣ ማለትም ሰርጎ ገብ የሚገባበት ስውር መግቢያ፣ አስገባባት። የተያዘው በመጋቢት አካባቢ ነው። አንድረስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ሰርቨር ውስጥ ከርቀት የሚገባበት የኤስኤስኤች መግቢያው በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አሳስቦት ሲፈትሽ ደረሰበት። ይህን የማነሳው ላስፈራሽ አይደለም። ሁሉ ነገር በአንድ የደከመ ሰው ላይ ሲያርፍ የደኅንነት አደጋ እንደሚሆን አለቃሽ እንዲገባቸው ነው። ረዳት ስትጠይቂ ለራስሽ ምቾት የጠየቅሽ መስሎሽ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ እንዲያ አታስቢው።

አሁን ወደ ፕሮፖዛሉ እንምጣ። “ሁሉንም እኛ እንረከባችኋለን” የሚለው አባባል ጆሮ ይጥማል፣ በተለይ ለደከመ ሰው። ግን የምትከፍሉት ዋጋው ላይ የተጻፈውን ብቻ አይደለም። የዊንዶውስ ሰርቨርን እንውሰድ። በኮር፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባሉት የማስሊያ ክፍሎች ቁጥር፣ ሲገዛ ለአንድ ሰርቨር ቢያንስ የ16 ኮር ላይሰንስ መያዝ አለባችሁ፣ ማሽኑ 8 ኮር ብቻ ቢኖረው እንኳ። በላዩ ላይ ለሚጠቀመው ሰው ወይም መሣሪያ ካል የሚባለው ፈቃድ ይጨመራል። ብዙ ፕሮግራሞች የሚሠሩበትን የጃቫ ሰብስክሪፕሽን (በየጊዜው የሚከፈል ክፍያ) ደግሞ ኦራክል ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ የሚያስላው በጠቅላላ የሠራተኛ ቁጥር ነው። ጃቫ የሚነኩት ሁለት ሰዎች ቢሆኑም የሚቆጠረው መቶ ሃያው ነው። ይህን የሚቆጥር፣ ሰነዱን የሚይዝ፣ ኦዲት ሲመጣ መልስ የሚሰጥ ማን ይመስልሻል? አድሚኑ ነው። ይህም ሰዓት ነው፣ ይህም ኢንቮይስ የለውም።

ከዚያ ደግሞ መውጫው አለ። ብሮድኮም የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር ሻጩን ቪኤምዌርን ጠቅልሎ የገዛው በኖቬምበር 2023 ነው። በማግሥቱ ወር አንዴ ተገዝቶ ለዘለቄታው የሚያገለግለውን ላይሰንስ መሸጥ አቆመ። ቀድሞ የገዛ ሰው ያለውን መጠቀም ይችላል፤ ድጋፉ ሲያልቅ ግን ማደስ የለም፣ ሰብስክሪፕሽን መግዛት ነው። ብዙ አድሚኖች በጀታቸው ካለቀ በኋላ ነው ይህን የሰሙት። ከሴንትኦኤስ ታሪክ ጋር አስተያዪው። አንዱ ነፃ፣ አንዱ የተከፈለበት። ሁለቱም ላይ ውሳኔውን የወሰነው ሌላ ሰው ነው፣ ማዛወሩ የወደቀው አድሚኑ ላይ ነው።

ገንዘብ መክፈልም ሌሊቱን አይገዛልሽም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 የደኅንነት ሶፍትዌር ሻጩ ክራውድስትራይክ የላከው የተበላሸ አፕዴት 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ የዊንዶውስ ማሽኖችን ጣለ፤ ቁጥሩ የማይክሮሶፍት ግምት ነው። ውድ የሚባል፣ በገንዘብ የሚገዛ ምርት ነው። ብዙዎቹን ማሽኖች ያስነሳው ግን ሰው ነው። በሴፍ ሞድ ገብቶ፣ የተቆለፈውን ዲስክ የሚከፍተውን የቢትሎከር ቁልፍ ፈልጎ፣ ፋይሉን አጥፍቶ፣ ወደሚቀጥለው ማሽን። ሳፖርት መግዛት ጥሩ ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን ቲኬት ስትከፍቺ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ሎጉን፣ ማለትም ሰርቨሩ የመዘገበውን፣ ነው። እሱን የምታወጪው አንቺ ነሽ።

ይህን ሁሉ የምለው “አትፈርሙ” ለማለት አይደለም። ምናልባት የተወሰነውን መፈረም አለባችሁ። እዚህ ላይ ያለኝን አስተያየት በግልጽ ልንገርሽ። ሁሉንም መስጠትም ሁሉንም መያዝም የለብሽም። አገልግሎቶቹን ለያይተሽ እያቸው።

እኔ ብሆን ሜይሉን አሳልፌ እሰጣለሁ። ሜይል ሰርቨር በራስ ማስተዳደር ለአንድ ሰው የሚከብድ ሥራ ሆኗል። የላኪውን እውነተኛነት የሚያረጋግጡት ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ፣ ከዚያ የአይፒው (የሰርቨሩ አድራሻ) ስም፣ ብላክሊስት። ጂሜይልና ያሁ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ የላኪዎችን ደንብ ካጠበቁ ወዲህ ደግሞ ትንሽ ስህተት ደብዳቤሽን ስፓም ውስጥ ትከታለች። ስልክሽ ሌሊት ከሚጮህበት ምክንያት ብዙው ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ይህን ለሚያስተናግድ ድርጅት ከፍሎ መስጠት ሽንፈት አይደለም።

ቨርቹዋል ማሽኖቹን ግን ባሉበት ሆነው ድጋፍ ልትገዢላቸው ትችያለሽ። አለቃሽ ይህን መንገድ የሚያውቁት አይመስለኝም። ነፃ ሶፍትዌር ላይ የሚከፈልበት ድጋፍ አለ። ቨርቹዋል ማሽኖቹን በፕሮክስሞክስ የምታስተዳድሪ ከሆነ በገባሽ ቁጥር ሰብስክሪፕሽን እንደሌለሽ የሚነግርሽን ሳጥን ታውቂዋለሽ፤ ብዙዎቻችን ሳናነበው እንዘጋዋለን። ያ ሳጥን የሚሸጠው ይበልጥ የተፈተነ አፕዴት ነው፣ እንደ ደረጃውም የሚጠየቅ ሰው። ኡቡንቱ የተባለው ሊነክስም የአምስት ዓመቱን መደበኛ ድጋፍ ወደ አሥር የሚያራዝም ኡቡንቱ ፕሮ አለው። ሬድ ሃትና ሱሰ የተባሉት ድርጅቶችም የሚኖሩት በዚሁ ነው። ካዋቀርሽው ሥርዓት ሳትወጪ ከጀርባሽ የሚቆም ሰው ታገኚያለሽ።

የፋይል ማከማቻው ብዙ ካላስቸገረሽ ተዪው፣ ይቆይ። ባክአፑን ግን ማንም ምንም ቢረከብ ከእጅሽ አታውጪው። ዳታው ክላውድ ላይ ሲሄድም ቅጂው የምታዙበት ቦታ ይኑር።

እነሱ ሲገቡ ምን እሆናለሁ ብለሻል። ፍርሃትሽን ቀላል አድርጌ አላየውም። ግን የተገዛ አገልግሎትም ማን ምን ያያል፣ የለቀቀ ሠራተኛ አካውንት መቼ ይዘጋል፣ የጠፋው ፋይል ከየት ይመለሳል የሚሉትን ጥያቄዎች ይዞ ነው የሚመጣው። የሻጩን መልስ እውነት ነው ውሸት ነው ብሎ የሚለይ ሰውም ያስፈልጋል። መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ያ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። ግን እስቲ ለራስሽ መልሺ፤ ከሥራው የምትወጂው የቱን ነው? አዲስ ነገር መገንባቱን ነው ወይስ ማስተዳደሩን? ስልኩ ትራስሽ ሥር የሚያድረው መሥሪያ ቤቱ አዞሽ ነው ወይስ አንቺው አስለምደሽው? ለዚህ ለእኔ መመለስ የለብሽም።

ወደ ተግባሩ እንሂድ። ከነገ ጀምሮ አራት ሳምንት መዝግቢ። ቀን፣ ሰዓት፣ የትኛው አገልግሎት፣ ምን ሆነ፣ ስንት ደቂቃ ወሰደ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ነው ወይ። አንድ ተራ ሠንጠረዥ ይበቃል። ለነፃዎቹ ብቻ እንዳትመዘግቢ። ገዝታችሁ የምትጠቀሙበትም ይኖራል፣ የሒሳብ ፕሮግራሙ ወይም አንቲቫይረሱ። እሱን በማደስ፣ ሻጩ ጋ በመደወል፣ ላይሰንስ በመፈለግ የሚጠፋውንም ጻፊ። ያኔ ንጽጽሩ እውነተኛ ይሆናል፣ ማንም ለራሷ አድልታለች ሊልሽ አይችልም። ውጤቱ አንቺን ራስሽን ሊያስገርምሽ ይችላል። ሰዓቱን የበላው አንድ ወይም ሁለት አገልግሎት ብቻ ሆኖ ታገኚው ይሆናል።

ጎን ለጎን ሻጩን ጠይቂ። የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ሁልጊዜ ያምራል፣ ስለዚህ ሦስተኛው ዓመት ላይ ስንት ይሆናል በይ። ጭማሪው በውሉ ላይ ጣሪያ አለው? የሚቆጠረው ምንድን ነው፣ ሰው ነው፣ ኮር ነው፣ መሣሪያ ነው? ያለውን ዳታ ማን ያዛውራል፣ ያስከፍላል ወይ? ድጋፉ ቅዳሜ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ይሠራል ወይስ በሥራ ሰዓት ብቻ? ከሁሉ በላይ ደግሞ ልንወጣ ብንል ዳታችንን በምን ፎርማት፣ በስንት ቀን ትሰጡናላችሁ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ። በስልክ “ችግር የለውም” ካሉሽ ኢሜይል ላይ እንዲጽፉት በትህትና ጠይቂ።

ከዚያ አለቃሽን ለግማሽ ሰዓት ብቻቸውን አግኚያቸው፣ ስብሰባ ላይ አይሁን። እንዲህ ብትዪስ? “ያኔ ሶፍትዌሩ ነፃ ነው ስልዎ የላይሰንሱን ነበር። የሚወስደውን ሰዓት አሁን ቆጥሬዋለሁ፣ ይኸውልዎ። ሜይሉን ብንሰጥ ይህን ያህል ይቀንሳል። የቀረውን ለመያዝ ሁለተኛ ሰው ያስፈልገናል፣ እኔ ብታመም የሚያነሳው ስለሌለ።” ድካምሽንም አትደብቂ። ቁጥሩን አስቀድመሽ ድካሙን አስከትይ። “በዚህ ሁኔታ ብዙ አልቆይም” የሚል ነገር ውስጥሽ ካለ እሳቸውም ቢያውቁት ለሁላችሁም ይሻላል።

አዲስ ቅጥር አይቻልም ካሉሽ ያለውን ሰው ጠይቂ። ከሌላ ክፍል ኮምፒውተር የሚወድ አንድ ወጣት በሳምንት አንድ ቀን ቢሰጥሽ ትልቅ ነገር ነው። መጀመሪያ የምታስተምሪው ሪስቶር ማድረግ ይሁን። አንድ ፋይል አጥፍተሽ አንቺ ያዘጋጀሽውን ወረቀት ብቻ እያነበበ ይመልሰው። አጠገቡ ቁጭ በይ እንጂ ኪቦርዱን አትንኪ። የሚደናቀፍበት ቦታ ሁሉ አንቺ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ያለ፣ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር ነው። እዚያው ጻፊው።

ለሌሊቱም ድንበር አብጂለት። ሲቋረጥ በሌሊት የሚያስነሳሽ የቱ ነው፣ እስከ ጠዋት የሚቆየው የቱ ነው? አንድ ገጽ ጽፈሽ አለቃሽ እንዲያጸድቁት አድርጊ። የፋይል ማከማቻው ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ቢቆም ማን ይጎዳል? ምናልባት ማንም። ሞኒተሪንጉንም በዚያው ልክ አስተካክዪው፣ የሚጠብቅ ነገር በኢሜይል ይምጣ እንጂ ስልክሽን አይደውል።

ይህን ሁሉ አድርገሽ፣ ሠንጠረዡን አይተው፣ አሁንም “ነፃ ነው ብለሽ አልነበር” የሚሉሽ ከሆነ ሌላ ነገር አውቀሻል ማለት ነው። አንድ ሙሉ መሥሪያ ቤት ሜይሉንም፣ ፋይሉንም፣ ባክአፑንም ብቻዋን አቋቁማ አራት ዓመት ያቆየች ሰው ሥራ አታጣም። ሲቪሽን ማደስ ክህደት አይደለም። ግን መጀመሪያ አራቱን ሳምንት ስጪው።

የሻጩ የጽሑፍ መልስ ሲደርስሽ የድርጅቱን ስም አጥፊና ላኪልኝ። የሦስተኛውን ዓመት ዋጋና የመውጫውን አንቀጽ አብረን እናነበዋለን።